ቦይለሩ ይነዝራል፣ ውሃው አይሞቅም፤ ወደ ፀሐይ ልዙር ወይ?

ጥያቄ

ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍልዎ ከባሕር ዳር ነው። በቤታችን ስድስት ነን፤ እኔ፣ ባለቤቴ፣ ሦስት ልጆቻችንና አማቴ። በግቢው ሁለት ተከራዮችም አሉ፣ መታጠቢያ ቤቱን አብረውን ነው የሚጠቀሙት። ያለን 80 ሊትር ቦይለር ነው፤ ስድስት ዓመት ሆኖታል። ካለፈው ክረምት ወዲህ ግን ሰላም አልሰጠንም። ውሃው ለብ ብሎ ይቀራል፤ ሁለት ሰው ታጥቦ ሳይጨርስ ይቀዘቅዛል። ብሬከሩም ይወርዳል፣ በተለይ እንጀራ በምንጋግርበት ቀን። ከሥሩ ያለው ቫልቭ ያንጠባጥባል፤ ሊጠግን የመጣው ልጅ “ድፈኑት” ብሎን ሄደ፣ እኛ ግን ፈርተን ተውነው። ሰሞኑን ደግሞ ልጄ ሻወር ስትከፍት እጇን ነዘራት።

አማቴ ቁርጥማት ስላለባቸው ያለ ሙቅ ውሃ አይሆንላቸውም። መብራት ሲጠፋ ከሰል አቀጣጥለን መታጠቢያ ቤት እናስገባላቸዋለን፤ ውሃውም ክፍሉም ይሞቃል። የባለቤቴ ወንድም “ይህን ጥላችሁ ሶላር አስገቡ” ይለናል። ጀርመን ያለችው እህቴ ደግሞ በመብራት ውሃ ማሞቅ አካባቢን ይጎዳል ትላለች፤ ቤቱን ስናድስም እንደ እነሱ ማዕከላዊ ማሞቂያ እንድናስገባ ትመክራለች። ሮቷችን 3 ሜትር ማማ ላይ ነው። የቤቱ ክዳን ቆርቆሮ ነው። የቱን ልስማ?

ግራ የገባኝ እናት

መልስ

ውድ እህቴ፣

ስለ ሶላሩ ከመነጋገራችን በፊት ዛሬውኑ አንድ ነገር ያድርጉልኝ። የቦይለሩን ብሬከር ያጥፉት። ኤሌክትሪክ ሠራተኛ መጥቶ እስኪያየው ድረስ ማንም እንዳያበራው ለልጆቹም ለተከራዮቹም ይንገሩ። ልጅዎን የነዘራት ነገር በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። ደረቅ እጅን ነዝሮ የሚያልፍ ኤሌክትሪክ፣ ሰውነት ሲረጥብና ባዶ እግር እርጥብ ወለል ላይ ሲቆም ሰው ይገድላል። ዛሬ ትንሽ ስለነዘረ ነገም ትንሽ ይነዝራል ማለት አይቻልም።

ሁለተኛው ከሰሉ ነው። እባክዎ ከመታጠቢያ ቤት ያውጡት። ፍም የሆነ ከሰል ጭስ ስለሌለው ጉዳት የማያደርስ ይመስላል። ግን ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ጋዝ ይወጣዋል፤ ይህ ጋዝ ሽታም ቀለምም የለውም። በጠባብ ክፍል፣ በር ተዘግቶ፣ መጀመሪያ ራስ ያማል፣ ያዞራል። ቀጥሎ አቅም ያሳጣል፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ይላል። ከዚያ ሰው ራሱን ስቶ እዚያው ሊቀር ይችላል። አማትዎ በዕድሜ የገፉ ናቸው፤ ቁርጥማቱ ባለበት ሰውነት ቶሎ ተነሥተው መውጣት ይከብዳቸዋል። ውሃውን ውጭ አሙቁና በባልዲ አስገቡላቸው። ክፍሉ ቢቀዘቅዝም ይቀዝቅዝ።

አሁን ወደ ቦይለሩ እንምጣ። ከደብዳቤዎ እንደምረዳው አንድ ብልሽት አይደለም ያለብዎት፤ ሦስት አራት የተለያዩ ነገሮች ተደራርበው ነው የመጡት። ሲደራረቡ “ጣሉት” ማለት ይቀላል። ቢጥሉት ግን ግማሹ ችግር እዚያው ቤት ውስጥ ይቀራል፤ አዲስ የሚገዙት ዕቃም ይወርሰዋል።

በነዘራት ነገር ልጀምር። ቦይለር ውስጥ ውሃውን የሚያሞቀው ብረት፣ ባለሙያዎች ሪዚስታንስ የሚሉት፣ ውጪው የብረት ቱቦ ነው። ኤሌክትሪክ የሚሄድበት ሽቦ መሐሉ ላይ ነው። በሁለቱ መካከል ኤሌክትሪክ የማያስተላልፍ ዱቄት ተጠቅጥቋል። ቱቦው ሲበላ ወይም ሲሰነጠቅ ውሃ ይገባል፤ ኤሌክትሪኩም ወደ ውሃው፣ ወደ ቦይለሩ አካልና ወደ ቧንቧው ይሻገራል። ኤርዝ የሚባለው የመሬት ሽቦ በትክክል ቢኖር ኖሮ ያንን ኤሌክትሪክ ወደ መሬት ይወስደው ነበር። ልጅዎን ከነዘራት ሁለት ነገር አብሮ ተበላሽቷል ማለት ነው። አንድ ቦታ ኤሌክትሪክ ያፈሳል፤ ኤርዙም ወይ የለም ወይ ተቋርጧል።

ስለዚህ ሪዚስታንሱን ብቻ ቀይሮ “አለቀ” የሚልዎትን ሠራተኛ አይሸኙት። ኤርዙን በመለኪያ አሳየኝ ይበሉት። ኤርዝ ማለት ግቢ ውስጥ መሬት ውስጥ ጠልቆ የተቀበረ የመዳብ ወይም በመዳብ የተለበጠ ዘንግና ከእሱ እስከ ቦይለሩ የሚደርስ ቢጫና አረንጓዴ ሽቦ ነው። አንዳንድ ቤት ሽቦው አለ፣ ጫፉ ግን የትም አልታሰረም። አንዳንዱ ቤት ደግሞ ኒውትራል ከሚባለው፣ ኤሌክትሪኩ ከሚመለስበት ሽቦ ጋር ተቋጥሮ ይገኛል። ይሄኛው በጣም አደገኛ ነው፤ ኒውትራሉ አንድ ቀን ከተበጠሰ የቦይለሩ አካል በሙሉ 220 ቮልት ይሸከማል።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ብዙ ሰው የማያውቀው ስለሆነ ነው። ኤርዝ ኖሮም ተራው ብሬከር ላያድን ይችላል። ኤሌክትሪኩ ከግቢዎ ዘንግ ወደ መሬት ሲገባ የሚያጋጥመው ተቃውሞ 20 ኦም ነው እንበል። 220 ለ20 ሲካፈል 11 አምፔር ይሆናል። 16 አምፔር የሚለው ብሬከር ይህን ያህል ፍሳሽ እያየ አይወርድም። ለዚህ ነው አርሲዲ የሚባለው መከላከያ የሚያስፈልገው። የሚወጣውንና የሚመለሰውን ኤሌክትሪክ እያነጻጸረ፣ 30 ሚሊአምፔር ያህል ልዩነት ካየ ወዲያው ይቆርጣል። ለመታጠቢያ ቤት የሚገዛው ይህ 30 ሚሊአምፔር የሚለው ነው። ገንዘብ የሚበቃዎት ለአንድ ነገር ብቻ ከሆነ፣ ከሶላሩም ከአዲስ ቦይለርም በፊት ኤርዝና አርሲዲ ያስገቡ። በዚህ ላይ ከማንም ጋር አልደራደርም።

ብሬከሩ እንጀራ በምትጋግሩበት ቀን መውረዱ ሌላ ጉዳይ ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ ብቻውን 3500 ዋት ገደማ ይበላል፤ ይህ ወደ 16 አምፔር ነው። 1500 ዋት ቦይለር ሲጨመርበት 23 አምፔር አካባቢ ይደርሳል። በዚያ ላይ ካውያም ይኖራል። ዋናው ብሬከር 25 አምፔር ከሆነ መውረዱ ሥራውን እየሠራ ነው እንጂ አልተበላሸም። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ምጣዱ እየሠራ ቦይለሩ ይጥፋ። ብሬከሩን በትልቅ እንዲቀይርልዎ ግን ለማንም አይፍቀዱ። ብሬከሩ የሚጠብቀው ግድግዳ ውስጥ ያለውን ሽቦ ነው። ሽቦው ሳይወፍር ብሬከሩ ቢተልቅ፣ የሚቃጠለው ሽቦው ይሆናል። ሠራተኛው በመጣ ጊዜ ግን አንድ ነገር ይጠይቁት፤ ምጣዱ ጠፍቶ ቦይለሩ ብቻውን ሲበራ የራሱን ብሬከር ያወርዳል ወይ? ካወረደ ጥፋቱ ከቦይለሩ ነው።

ቫልቩን አለመድፈንዎ ትልቅ ነገር ነው። ውሃ ሲሞቅ ይሰፋል። 80 ሊትር ውሃ ከ20 ዲግሪ ወደ 60 ሲደርስ ከ1 ሊትር በላይ ይጨምራል። ያ ትርፍ ውሃ መውጫ ይፈልጋል። ቦይለሩ በሚሞቅበት ሰዓት ቫልቩ ጠብ ጠብ ቢል ጤነኛ ነው፤ ቀጭን ቱቦ ሰክተው ወደ ፍሳሹ ይምሩት። ቦይለሩ ቀዝቃዛ ሆኖም ሳያቋርጥ የሚያንጠባጥብ ከሆነ ውስጡ ቆሻሻ ይዞታል ወይም አርጅቷል፤ ይቀየር፣ ውድ ዕቃ አይደለም። መድፈን ግን ፈጽሞ! ሙቀቱን የሚቆጣጠረው ቴርሞስታት አንድ ቀን ቢጣበቅና ውሃው መሞቁን ባያቆም፣ መውጫ የሌለው ቦይለር ይፈነዳል፤ ግድግዳ ያፈርሳል። ቫልቩ ሌላም ሥራ አለው። ውሃ ሲጠፋ ቦይለሩ ውስጥ ያለው ወደ ኋላ ተመልሶ እንዳይፈስ ይይዛል። ይህ ካልሠራ ቦይለሩ ባዶውን በርቶ ሪዚስታንሱ ይቃጠላል። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ብዙ ቦይለር የሚበላሸው እንዲህ ነው። ሮቶው ባዶ መሆኑን ካወቁ ቦይለሩን አያብሩ።

የውሃው ለብ ብሎ መቅረት ደግሞ ትንሽ ምርመራ ይፈልጋል። ኤሌክትሪኩ ተስተካክሎ፣ ሠራተኛው “አሁን ምንም አይነዝርም” ካለዎት በኋላ እነዚህን እርስዎ ራስዎ መሞከር ይችላሉ።

መጀመሪያ ወደ ቦይለሩ የሚገባውን ቀዝቃዛ ውሃ ይዝጉ። ከዚያ የሙቁን ቧንቧ ይክፈቱ። ትንሽ ፈስሶ መቆም አለበት። ካልቆመና መፍሰሱን ከቀጠለ፣ ቀዝቃዛው ውሃ በሆነ ማቀላቀያ ቧንቧ በኩል ወደ ሙቁ መስመር እየገባ ነው። ቦይለሩ እንደ እሳት ቢሞቅ እንኳ እርስዎ ጋ የሚደርሰው ለብ ያለ ነው። ጥፋቱ የአንዲት ማቀላቀያ ጎማ ሆኖ ሳለ ቦይለር የሚቀየርበት ጊዜ አለ። የተከራዮቹንም ቧንቧ ማየት አይርሱ።

ሁለተኛው ሙከራ በቆጣሪ ነው። ማታ ቦይለሩን አጥፍተው፣ ጠዋት ውሃው ሁሉ ቀዝቅዞ እያለ ይጀምሩ። ሌላ ዕቃ ሁሉ ይጥፋ። የቆጣሪውን ቁጥር ይጻፉ፣ ቦይለሩን ያብሩ፣ ሰዓት ይያዙ። የካርድ ቆጣሪም ቢሆን ንባቡን ያሳያል። 80 ሊትር ውሃ ከ20 ወደ 60 ዲግሪ ለማድረስ ወደ 3.7 ኪሎዋት ሰዓት ይፈጃል፤ በ1500 ዋት ሪዚስታንስ ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። ቦይለሩ ላይ ያለችው ትንሽ መብራት በዚህ ሰዓት ውስጥ ከጠፋችና ቆጣሪውም ወደዚህ ከተጠጋ፣ ማሞቂያው ጤነኛ ነው። ገና በግማሽ ሰዓት ከጠፋች ቴርሞስታቱ ዝቅ ብሏል ወይም ተበላሽቷል፤ ወይም ሪዚስታንሱ ነጭ ቅርፊት ለብሶ ሙቀቱ ውሃው ውስጥ ሳይገባ ቴርሞስታቱን ያታልለዋል። ከምንጭና ከጉድጓድ የሚመጣ ውሃ የድንጋይ ማዕድን ይዞ ስለሚመጣ ሲሞቅ ይጋገራል። በስድስት ዓመት ተከፍቶ ካልታጠበ ከሥሩ ብዙ ዝቃጭ ያገኙበታል። ሪዚስታንሱ አሁን የግድ ስለሚወጣ በዚያው ውስጡ ይታጠብ። ቅርፊቱ ካልለቀቀ በአቼቶ ይዘፍዘፍ። ከሪዚስታንሱ ጎን ያለችውንም የማግኒዥየም ዘንግ ያስቀይሩ። እሷ ናት በታንከሩ ፈንታ በዝገት የምትበላው። በሁለት ሦስት ዓመት መቀየር ነበረባት፤ ካለቀች ተራው የታንከሩ ነው።

ማታ ማታ ብቻ ከሆነ አልሞቅ የሚለው፣ መብራቱ እየደከመ ሊሆን ይችላል። አምፖሉ ሲደበዝዝ ያዩ ይሆናል። 220 የነበረው ቮልት ወደ 180 ሲወርድ የሪዚስታንሱ ጉልበት በአንድ ሦስተኛ ይቀንሳል። በሁለት ሰዓት ተኩል ይሞቅ የነበረው ወደ አራት ሰዓት ይጠጋል። እንዲህ ከሆነ ከቀኑ 9 ሰዓት አካባቢ አብርተው ከምሽቱ በፊት ያጥፉት፤ እስከ ማታ ይቆይልዎታል።

ይህ ሁሉ ተስተካክሎም ግን አንድ እውነት ይቀራል። 80 ሊትር ለስምንት ሰው አይበቃም። በ60 ዲግሪ የሞላ ቦይለር ከቀዝቃዛ ጋር ሲደባለቅ 160 ሊትር ያህል የሚታጠቡበት ውሃ ይሰጣል። ሻወር በደቂቃ ከ8 እስከ 10 ሊትር ያፈሳል። ለሁሉም ተደምሮ ሃያ ደቂቃ እንኳ አይሞላም። ቴርሞስታቱን ወደ 75 ከፍ በማድረግ ይህን ለማካካስ አይሞክሩ፤ ቅርፊቱ ይበዛል፣ ልጅ ይቃጠላል። ከ60 በታችም አያውርዱት። ለብ ባለ የቆመ ውሃ ውስጥ ሌጂዮኔላ የሚባል ባክቴሪያ ይራባል፤ ከሻወር በሚወጣው እንፋሎት ገብቶ ሳንባን ይጎዳል። ለአረጋውያን ደግሞ ይብሳል።

ሶላር የሚለው ሐሳብ ትርጉም የሚያገኘው እዚህ ላይ ነው። ቦይለሩ ስለተበላሸ አይደለም፣ ስላነሰ ነው።

የባለቤትዎ ወንድም ከተማዋን በተመለከተ ልክ ናቸው። ባሕር ዳር ላይ በዓመት አማካይ ተሰልቶ አንድ ካሬ ሜትር ቦታ በቀን ከ5 ኪሎዋት ሰዓት በላይ የፀሐይ ኃይል ያገኛል። የፀሐይ ውሃ ማሞቂያ ከዚህ ግማሽ ያህሉን ወደ ሙቀት ይለውጣል። 150 ሊትር ውሃ ከ20 ወደ 55 ዲግሪ ለማድረስ 6 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ይበቃል። ስለዚህ ከ2 እስከ 3 ካሬ ሜትር ማሞቂያ ለእርስዎ ቤተሰብ የቀን ፍጆታ ይሆናል። ውርጭ ስለሌለ ቧንቧ በረዶ ሆኖ ይፈነዳል የሚል ስጋትም የለብዎትም። መብራት ቢጠፋም ውሃው ይሞቃል፤ የሞቀው ውሃ በራሱ እየቀለለ ወደ ላይ ወደ ታንከሩ ይወጣል፣ ቀዝቃዛው ይወርዳል፣ ያለ ሞተር። አማትዎ መብራት በጠፋ ቀን ከሰል የሚያስፈልጋቸው አይሆኑም። ለእኔ የሶላሩ ትልቁ ጥቅም ይሄ ነው።

ይሁን እንጂ አሁን ባለው ግቢዎ ላይ ገዝተው ቢሰቅሉት አይሠራም። ምክንያቱ ሮቶው ነው። ገበያ ላይ በብዛት ያለው ባለ መስታወት ቱቦ ማሞቂያ ከላይ በሚወርድ ውሃ የሚሞላ ነው፤ ታንከሩ ከሮቶው ዝቅ ማለት አለበት። የእርስዎ ሮቶ 3 ሜትር ላይ ነው። ማሞቂያው ቆርቆሮው ላይ ከተሰቀለ 4 ሜትር አልፎ ይሄዳል። ውሃ አይገባበትም። ሻጭ ይህን ሳይጠይቅ ከሸጠልዎ በኋላ ፓምፕ ግዙ ይባላል፤ መብራት ሲጠፋ ደግሞ ፓምፑም ይቆማል። አሁን ሁለት ምርጫ አለዎት። የሮቶውን ማማ ወደ 6 ሜትር ማሳደግ አንዱ ነው፤ ያኔ የቤቱ ሁሉ ቧንቧ ግፊትም ይሻሻላል፣ እያንዳንዱ ሜትር 0.1 ባር ይጨምራልና። ሌላው ማሞቂያውን ከክዳኑ ዝቅ ባለ የብረት መቆሚያ ላይ ማስቀመጥ ነው፣ ቀኑን ሙሉ ጥላ የማያርፍበት ቦታ ካለ። ግን በጣም ዝቅ ካለ ሻወሩ ጋ ሲደርስ ግፊት ያጣል።

ለእርስዎ የሚሻለው የመጀመሪያው ይመስለኛል። ያም ሆኖ ማሞቂያውን ቆርቆሮው ላይ እንዳትሰቅሉት። 200 ሊትር የሚይዝ ማሞቂያ ውሃ ሲሞላ ከነመቆሚያው 250 ኪሎ ያልፋል። በባሕር ዛፍ ማገር የቆመ ክዳን ለዚህ አልተሠራም። ክረምት ሲመጣ እንጨቱ ይርሳል፣ ንፋስ ይገፋዋል፣ ክዳኑ ይጎብጣል፣ ማፍሰስ ይጀምራል። እግሩ መሬት የተከለ የብረት መቆሚያ በበያጅ ያሠሩ። ሮቶውም ማሞቂያውም አንድ ማማ ላይ፣ ሮቶው ከላይ፣ ማሞቂያው ከታች በደቡብ በኩል ወጣ ብሎ ቢሆን ወጪው ይቀንሳል።

አቅጣጫው ወደ ደቡብ ይሁን፣ ከ15 እስከ 20 ዲግሪ ያጋደለ። እኛ ጋ ከሚያዝያ አጋማሽ እስከ ነሐሴ አጋማሽ ፀሐይ እኩለ ቀን ላይ በሰሜን በኩል ነው የምታልፈው፤ ስለዚህ “ለምን ወደ ሰሜን አይሆንም?” የሚል ይኖራል። የእነዚያ ወራት ግማሹ ዝናብና ደመና ነው። ሙቅ ውሃ የሚናፈቀው ግን ከኅዳር እስከ ጥር ሌሊቱ ከ10 ዲግሪ በታች በሚወርድበት ጊዜ ነው፤ ያኔ ፀሐይዋ በደቡብ ናት፣ ሰማዩም ጥርት ያለ ነው።

በሐምሌና በነሐሴ ሶላሩ ብቻውን አይበቃዎትም። ለዚህ ነው ቦይለሩን አትጣሉት የምለው። ከሶላሩ የሚወጣው ውሃ ወደ ቦይለሩ ቀዝቃዛ መግቢያ ይግባ። ፀሐይ ባለበት ቀን ውሃው ሞቆ ስለሚደርስ ቦይለሩ አይነሣም። በደመና ቀን 30 ዲግሪ ሆኖ ቢደርስ እንኳ ቦይለሩ የሚጨምረው ቀሪውን 30 ብቻ ነው። ሁለቱ ታንከር ሲደመር ስምንቱ ሰው ይታጠባል። ግን ልብ ይበሉ፤ የመጋቢት ፀሐይ ላይ የሶላሩ ውሃ 80 ዲግሪ ሊያልፍ ይችላል። 60 ዲግሪ ውሃ በአምስት ሰከንድ ያቃጥላል። ከቦይለሩ በኋላ ሙቀቱን በራሱ የሚያስተካክል ማቀላቀያ ቫልቭ ያስገቡ። ከሶላሩ የሚወርደው ቧንቧም ፒቪሲ እንዳይሆን፤ ለሙቅ ውሃ የተሠራ ይሁን፣ ላዩም በስፖንጅ ይሸፈን። የሶላሩ ታንከር አናት ላይ የምትታየውን ትንሽ መተንፈሻ ማንም እንዳይደፍናት።

ውሃ የመጥፋቱ ነገር ሶላሩም ላይ ይመጣል። ማሞቂያው ባዶ ሆኖ ፀሐይ ሲመታው የመስታወት ቱቦዎቹ በጣም ይግላሉ። ከቀኑ 7 ሰዓት ላይ ውሃ መጣ ብሎ ቀዝቃዛ ቢለቀቅበት ቱቦዎቹ ይሰነጠቃሉ። እንዲህ ሲሆን የመግቢያውን ቧንቧ ዘግታችሁ እስኪመሽ ጠብቁ። ሲገዙም ትርፍ ቱቦና የጎማ ማሸጊያ እዚያው ባሕር ዳር ይገኝ እንደሆነ ይጠይቁ። ዋስትና አለው የሚል ወረቀት ብቻ አይበቃም። ቱቦ ሲሰበር አዲስ አበባ ልኮ ማስመጣት ሳምንታት ሊፈጅ ይችላል።

ዋጋው ያዋጣል ወይ ለሚለው፣ ከሻጩ ሳይሆን ከራስዎ ቆጣሪ ይነሡ። ለአንድ ሳምንት ቦይለሩ ሲበራና ሲጠፋ ንባቡን ይጻፉ። በወር ስንት ኪሎዋት ሰዓት እንደሚበላ ያውቃሉ። የእኛ አገር ታሪፍ ፍጆታ በጨመረ ቁጥር የአንዱ ዋጋ ስለሚጨምር፣ ቦይለሩ የሚበላው ብዙ ጊዜ ውዱን እርከን ነው። በዚያ ዋጋ አባዝተው የማማውንም ወጪ ጨምረው ያነጻጽሩ። ተከራዮቹ ሙቅ ውሃ በማግኘታቸው ኪራዩ ላይ የሚጨምሩት ነገር ካለ እሱንም ይቁጠሩ። ኤሌክትሪክ የሚያመነጨውን ሶላር ለውሃ ማሞቂያ አይግዙ። ያ ፓነል ከፀሐይዋ አንድ አምስተኛውን ብቻ ነው የሚለውጠው፤ ባትሪውን ደግሞ ቦይለር ቶሎ ይጨርሰዋል። ለመብራትና ለስልክ ግን ጥሩ ነው።

ለእህትዎ ደግሞ በፍቅር እንዲህ ይበሏቸው። እሳቸው ባሉበት አገር ክረምቱ ለወራት ይከርማል። ቤት ሁሉ በአንድ ማሞቂያ ይሞቃል፤ ሙቅ ውሃ በቧንቧ ከክፍል ክፍል እየዞረ ራዲያተሮቹን ያሞቃል። ባሕር ዳር 1800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ የሚበርደን ሌሊትና ንጋት ላይ ነው፣ ያውም ለጥቂት ወራት። ረፋድ ላይ በር ከፍተን እንቀመጣለን። ያን ሁሉ ቧንቧ ግድግዳ ውስጥ ቀብሮ ለጥቂት ሌሊት ማሞቅ ገንዘብ ማባከን ነው። ቤቱን ስታድሱ ቆርቆሮው ሥር ኮርኒስ አስገቡ፣ በኮርኒሱና በቆርቆሮው መካከል ሙቀት የሚይዝ ነገር ይነጠፍ፣ የበርና የመስኮቱ ክፍተት ይደፈን፣ ለአማትዎ ክፍል ወፍራም መጋረጃ ይሰቀል። በሚያዝያ ሙቀት ጊዜም ይጠቅማችኋል።

መብራት አካባቢን ይጎዳል ያሉት እሳቸው ጋ እውነት ነው፤ እዚያ ከኤሌክትሪኩ ከፊሉ ከከሰል ድንጋይና ከጋዝ ይመጣል። እኛ ጋ ግን አብዛኛው ከውሃ ነው። ከጣና ራሱ የሚወጣ ውሃ በ2002 ዓ.ም. በተመረቀው የጣና በለስ ጣቢያ 460 ሜጋዋት ለማመንጨት ተዘጋጅቷል። የጥስ ዓባይ ጣቢያ ደግሞ ከዚያ በብዙ ዓመት ይቀድማል። ስለዚህ ቦይለር በማብራትዎ አይጸጸቱ። በቤትዎ ካለው ሁሉ አካባቢን የሚጎዳው ከሰሉ ነው፤ ደን ተቆርጦ ነው የሚመጣው። ሶላሩ ከሰሉን ካስቀረ፣ እህትዎ የሚፈልጉት ነገር ተሟልቷል።

ኤሌክትሪኩን ዛሬ ነገ ሳይሉ ያሠሩ። የማማውን ሥራ ዝናቡ ከመግባቱ በፊት፣ መሬቱ ደረቅ ሳለ ያስጀምሩት፤ የግቢው አፈር ጥቁር አፈር ከሆነ ክረምት ላይ ያብጣል፣ በጋ ላይ ይሰነጠቃል፣ የማማው እግር መሠረት ጠለቅ ብሎ በኮንክሪት ይሙላ። በያጁ ልኬት ሲወስድ ሮቶው ሲሞላ ስንት ኪሎ እንደሚመዝን ይንገሩት፤ 1000 ሊትር ከሆነ አንድ ቶን ነው።